በሰርቫይቫል ጌሞች ካርታ አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ብዙ ሰዎች በአንድ ሰርቨር ላይ ተገናኝተው በሚጫወቷቸው የሰርቫይቫል ጌሞች (ከረሃብ፣ ከብርድና ከጠላት ተርፎ መኖርን በሚጠይቁ ጨዋታዎች) ውስጥ አንድ ተጫዋች ያፈራውን ሁሉ ሲያጣ፣ ምክንያቱን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ወይም በተኩስ ችሎታው ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን የብዙው ኪሳራ ሥር ከውጊያው ቀደም ብሎ የተሠራ የካርታ ስህተት ነው፤ ካርታውን የሚመለከቱት እንደ ሥዕል እንጂ የጉዞ ጊዜ፣ አደጋና የሌሎች ሰዎች እንቅስቃሴ እንደሚነበብበት ሰነድ አይደለምና።

የመጀመሪያው ስህተት ርቀትን በዓይን ገምቶ ጊዜውን ሳያሰሉ መነሣት ነው። ማይንክራፍት በተባለው ጌም አዲስ ካርታ የሚያሳየው 128 በ128 ብሎክ (ዓለሙ የተሠራበት ኩብ) ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ደረጃ ሲሰፋ ግን 2,048 በ2,048 ብሎክ ይደርሳል፤ በእጅ ሲያዙ ሁለቱም እኩል ይመስላሉ። ገጸ ባሕርዩ ሳይሮጥ በሰከንድ 4.3 ብሎክ ያህል ስለሚራመድ፣ ወንዝና ተራራ ባይኖር እንኳ ትልቁን ካርታ ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ወደ 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። የጌሙ ቀንና ሌሊት በድምሩ 20 ደቂቃ፣ የቀኑ ብርሃንም 10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ጥቂት ዘግይቶ የተነሣ ሰው መሸሸጊያ ሳያገኝ ይመሽበታል። ዴይዚ የተባለው ጌም የሚካሄድበት ቼርናሩስ ደግሞ 225 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ በእያንዳንዱ ጎን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ምድር ነው፤ በሰከንድ 5 ሜትር ያለ ዕረፍት የሚሮጥ ሰው እንኳ አንዱን ጎን ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በመንገዱ ላይ ውኃና ምግብ የት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያላሰበ ተጫዋች ማንም ሳይተኩስበት ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛው የመገኛ ቁጥሮችን አቅጣጫና ቅደም ተከተል ማምታታት ነው። ይህን ሰፋ አድርጌ የማነሣው፣ ለእርዳታ የሚመጣን ጓደኛ ወደ ተሳሳተ ቦታ የሚልክ ስህተት ስለሆነ ነው። በትምህርት ቤት ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር እንደሚጨምር ተምረናል፤ አርክ በተባለው ጌም ግን ኬክሮስ ከላይ ከ0 ተነሥቶ ወደ ደቡብ እስከ 100 ያድጋል፣ ኬንትሮስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጨምራል፣ መካከሉም 50 በ50 ነው። የሚጠራው ኬክሮስ አስቀድሞ ስለሆነ «20፣ 80» ማለት ሰሜን ምሥራቅ ነው። ቁጥሮቹን ገልብጦ የሰማ ሰው የሚደርሰው በአቅራቢያው ሳይሆን በተቃራኒው ማዕዘን በደቡብ ምዕራብ ነው። በማይንክራፍትም ኤክስ ወደ ምሥራቅ፣ ዜድ ወደ ደቡብ ሲጨምሩ ዋይ ከፍታን ያመለክታል። ኔዘር በሚባለው የጌሙ ሁለተኛ ዓለም ውስጥ አንድ ብሎክ መራመድ በላይኛው (በመደበኛው) ዓለም ስምንት ብሎክ ከመራመድ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በላይኛው ዓለም ኤክስ 1,600 እና ዜድ ኔጌቲቭ 800 ላይ ያለ ፖርታል (አሻጋሪ በር) በኔዘር ውስጥ በ200 እና በኔጌቲቭ 100 ላይ ተጣማሪ ፖርታል ያስፈልገዋል። ብዙዎች ከፍታውንም ለስምንት ያካፍሉታል፤ ከፍታ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ራስት በተባለው ጌም ደግሞ ካርታው በካሬዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ዓምዶቹ ከምዕራብ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራሉ፤ ፊደላቱ ሲያልቁም «ኤኤ» ብሎ ይቀጥላል። በጥድፊያ መካከል «ኤ» እና «ኤኤ» ሲምታቱ አንዱ ጓደኛ በምዕራብ ጠረፍ ላይ፣ ሌላው ወደ ምሥራቁ ዳር ተቃርቦ ይገኛል። በቡድን ለሚጫወቱ ሰዎች የምመክረው የካሬውን ስም ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያለውን ጉልህ ምልክትም አያይዘው እንዲናገሩ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያው ምን እንደሚያመለክት ሳይረዱ ማመን ነው። እኔ በማይንክራፍት ኮምፓስ ወደ ቤቴ ይመራኛል ብዬ ረጅም መንገድ ተጉዤ፣ የደረስኩት ዓለሙ መጀመሪያ ወደሚያስገባን ቦታ ነበር። አልጋ ላይ መተኛት ስንሞት የምንመለስበትን ቦታ ይለውጣል እንጂ የተራውን ኮምፓስ አቅጣጫ አይለውጠውም። በዴይዚ የወረቀቱ ካርታ ብቻውን የት እንደቆሙ አይነግርም፤ በከተማ መግቢያ ላይ ያሉት ምልክቶችም የተጻፉት በሲሪሊክ ፊደል ነው። ስለዚህ የጥቂት ከተሞችን ስም በዚያ ፊደል መለየት መቻል ከጥሩ ጠመንጃ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

የሌላ ሰርቨር ካርታ አጥንቶ መግባትም የተለመደ ስህተት ነው። የዴይዚ ቼርናሩስና የአርክ ዋና ደሴት በባለሙያዎች እጅ የተነደፉ ስለሆኑ በአንዱ ሰርቨር የተማሩት በሌላውም ይሠራል። ራስትና ቫልሃይም የተባለው ሌላ ጌም ግን ዓለማቸውን አብዛኛውን ጊዜ ሲድ ከሚባል መነሻ ቁጥር ያመነጩታል፤ ሲዱ ሲለያይ ምድሩም ይለያያል። በራስት በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ በሚደረገው አስገዳጅ ዋይፕ (ሰርቨሩን ጠርጎ እንደ አዲስ ማስጀመር) ካርታው ከነሕንፃዎቹ ስለሚታደስ፣ ያለፈውን ወር ካርታ በቃል መያዝ ብዙ አይጠቅምም።

ከሁሉም በላይ ከባድ ሆኖ ያገኘሁት የቤዝ (የዋና መኖሪያ) ቦታ አመራረጥ ላይ የሚሠራው ስህተት ነው። አዲስ ተጫዋች የራስትን ካርታ ሲከፍት የታወቁ ቦታዎችን ስም ያያል፤ ጥሩ ዕቃ በዚያ እንደሚገኝም ስለሚሰማ ቤቱን በአጠገባቸው ይሠራል። ይሁን እንጂ ያንኑ ካርታ በሰርቨሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እሱን የሳበው ምልክት ትልልቆቹን ቡድኖችም ይስባል። ስለዚህ ካርታውን ሲያነቡ መጠየቅ ያለበት «ዕቃው የት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ዕቃውን ፍለጋ የሚመጡት በየት በኩል ያልፋሉ?» የሚለው ነው። በሁለት የታወቁ ቦታዎች መካከል የሚያልፍ መንገድ ዳር የተሠራ ቤት፣ ባለቤቱ ማንንም ባይነካ እንኳ በየቀኑ ይታያል። በቫልሃይም ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ በመደበኛው የጌሙ ሕግ እንደ መዳብና ብረት ያሉ ማዕድናት በፖርታል አያልፉም፣ ዓለሙም ከመካከሉ እስከ ዳሩ 10 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ክብ ነው። መርከብ ከማይደርስበት ቦታ ዋና ቤት የሠራ ሰው እያንዳንዱን ጭነት በጋሪ ወይም በጀርባው ሲያጓጉዝ ይኖራል።

የመልክዓ ምድሩን ቀለም ችላ ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። በራስት ነጩ የበረዶ ክልል ያለ ወፍራም ልብስ ብርድ ነው፤ አንዳንድ የታወቁ ቦታዎችም መከላከያ ልብስ የሚጠይቅ ጨረር አላቸው።

የመጨረሻው ካርታን ስለ ማጋራት ነው። በቫልሃይም የካርታ ጠረጴዛ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ያገኘውን መመዝገብ፣ ሌላውም ቀርቦ ማንበብ አለበት፣ ይህም አዲስ ምድር በተገኘ ቁጥር ይደገማል። ማይንክራፍት ላይ ተቃራኒው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የአንድ ካርታ ቅጂ የያዙ ተጫዋቾች በካርታው ላይ እርስ በርስ ስለሚታዩ፣ ቅጂውን ለማያምኑት ሰው መስጠት ያሉበትን ቦታ እንደ ማሳየት ነው። የቤትን ፎቶ ለሌሎች ከመላክ በፊትም የመገኛ ቁጥሮቹ በስክሪኑ ጥግ ላይ አለመቅረታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።