ትንሽ ውሻ ሲያጉረመርም የሚሠሩ ስህተቶች

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ውሻን ስላጉረመረመ መቅጣት ነው። ውሻው ያጉረመርማል፣ ባለቤቱ «ዝም በል!» ብሎ ይጮኽበታል ወይም አፉን ይመታዋል። ውሻው ጭጭ ይላል። ባለቤቱም ታረመ ብሎ ደስ ይለዋል። ቆይቶ ያው ሰው እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ይመጣና «ዶክተር፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው የነከሰኝ» ይለኛል። ምልክትማ ነበረው፤ በዱላ ያስተዉት እነሱ ናቸው። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ውሻ ሲያጉረመርም «ፈርቻለሁ»፣ «አሞኛል»፣ «እባካችሁ ራቁኝ» እያለ ነው። ቅጣት ድምፁን ያጠፋል እንጂ ፍርሃቱን አይነካውም። እንዲያውም ያብሰዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዱላ እንደሚከተል ይማራልና። የመኪናን ክላክስ ነቅሎ መጣል ግጭትን አያስቀርም። ውሻችሁ ካጉረመረመ የያዛችሁትን ነገር አቁሙ፣ ትንሽ ራቅ በሉለት፣ ከዚያ ምን እንዳስጨነቀው አስቡ። መራቃችሁ መሸነፍ አይደለም።

«አለቃው እኔ እንደሆንኩ ይወቅ» ብሎ አንጋሎ መጫንም እንዲሁ ነው። ውሻ እንደ ተኩላ ለአለቅነት ይፋለማል የሚለው ሐሳብ በአብዛኛው የመጣው የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 ካሳተመው፣ በአጥር ውስጥ በተያዙ ተኩላዎች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው። ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 አርሞታል፤ የዱር ተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ እናትና አባት ከነልጆቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ ነበር። ከተመቱት ወይም ከተረገጡት ውሾች 43 በመቶ፣ በግድ ከተንጋለሉት 31 በመቶ የሚሆኑት መልሰው ተቆጥተዋል ወይም ተናክሰዋል።

ሌላው ትንሽ ስለሆነ መሳቅ ነው። ትልቅ ውሻ ቢያጉረመርም ሰው ሁሉ ይሸሻል። ቺዋዋ የሚባለው ትንሹ ዝርያ ሲያጉረመርም ግን ስልክ አውጥተው ቪዲዮ ይቀርጹታል። ምስኪኑ ቢለምንም የሚሰማው የለም፤ በመጨረሻ ሰው የሚሰማው ጥርስን ብቻ እንደሆነ ይገባዋል።

እስቲ ባለቤቱ እቅፍ ውስጥ ያለ ትንሽ ውሻን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። እንግዳ እጁን ወደ አናቱ ይሰዳል። ውሻው ፊቱን ያዞራል። ምላሱን ቶሎ አውጥቶ አፍንጫውን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል። ከዚያ ሰውነቱ ድርቅ ይላል። በዚህች ቅጽበት እጁ ካልተመለሰ ለከፍ ማድረጉ አይቀርም። ታቅፎ ስለተያዘ መሸሺያ እንኳ የለውም። ስለዚህ ታቅፎ ያለን ውሻ አትንኩ። መሬት ላይ ይውረድ፣ እናንተ ጎን ለጎን ቁጭ በሉ፣ መምጣት ከፈለገ ራሱ ይምጣ። አፍጥጣችሁ አትዩት። በድንገት ከላይ መጥታችሁ ሆዱን ይዛችሁ አታንሱት።

ሕመምን መርሳት፦ «ጨዋ ነበር፣ አሁን ባለጌ ሆነ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዲት ሴት ውሻዋ ፊቱን ሊነኩት ሲሉ ያጉረመርም ስለነበር ለሰው ልትሰጠው ቆርጣ ነበር። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርገው ድዱ አብጧል፣ መንጋጋው ቡናማ ቆሻሻ ጋግሯል። ጥርሱ ሲታከም ማጉረምረሙም ቀረ። ትንንሽ ዝርያዎች ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚበቅል የድድ በሽታ ይበዛባቸዋል። የጉልበታቸው ሎሚም ቶሎ ከቦታው ይወጣል፤ ሲያነሷቸው የሚቆጡት ለዚህም ሊሆን ይችላል። ጸባዩ በድንገት ለተለወጠ ውሻ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ አሠልጣኝ።

እየበላ እጅን ሳህኑ ውስጥ መክተት «እንዲለምድ» ተብሎ ይደረጋል፤ የሚለምደው ግን ምግቡን መጠበቅ ነው። የያዘውን ማስጣል ከፈለጋችሁ የተሻለ ነገር ሰጥታችሁ ለውጡት።

ትንሽ ልጅንና ውሻን ብቻቸውን ትቶ መሄድ፦ በፍጹም። ልጅ ሲያቅፈው ውሻው ደስ ያለው ይመስላችኋል፤ አብዛኛው ውሻ መታቀፍ ያስጨንቀዋል።

ቡችላን «እስኪያድግ» ብሎ ቤት ቆልፎ ማቆየትም ዋጋ ያስከፍላል። ውሻ ሰውን፣ ድምፅንና አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚለምደው በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ክትባቱ ባያልቅም ከሐኪም ጋር ተመካክራችሁ ታቅፎም ቢሆን ዓለምን ይይ።

ንክሻን «ትንሽ ውሻ ነው» ብሎ መናቅ ደግሞ አደገኛ ነው። ቆዳ ከተበሳ ወይም ከተቧጠጠ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ቶሎ ሲጀመር ነው። የውሻውን የክትባት ካርድም ይዛችሁ ሂዱ።