አሮጌ መኪና ነዳጅ ሲረገጥ አልፎ አልፎ ጉልበት ካጣች፦ ስታፈላልጉ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

ሁልጊዜ ደካማ የሆነች መኪና ብዙ አታደክምም። የምታደክመው ዛሬ ደህና ሄዳ ነገ ሌላውን ለመቅደም ስትረግጡ ቀጥ የምትለው ናት። ጋራዥ ስትደርሱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትመስላለች። እንዲህ ያለ ብልሽት ላይ ብሩ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ዕቃው ውድ ሆኖ ሳይሆን አፈላለጉ ተበላሽቶ ነው።

ሳይጠይቁ ዕቃ መቀየር

መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ከዚያ ፊልትሮ፣ ከዚያ ፓምፕ፣ ኪስ እስኪራገፍ። ከዚያ በፊት ግን ጠይቁ። የሚመጣው ሞተሩ ሲግል ነው ወይስ ገና ቀዝቃዛ ሳለ? ነዳጅ ሲያንስ ይብሳል? ትንሽ ቆማ ስትነሳ ይለቃታል?

ሲግል መጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ከሆነ ኮይሉን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን)፣ የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን ዙር የሚያነበውን) ወይም ውስጡ ብየዳው የተሰነጠቀ ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ጠርጥሩ። ረጅም መንገድ ላይ ደክማ፣ አጥፍታችሁ ጥቂት ስትጠብቁ የምትድን ከሆነ ግን ታንኩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ የፓምፑን ወንፊት እየደፈነው ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ ሲቆም ቆሻሻው ይረግፋል፣ ስትነዱ ተመልሶ ይለጠፋል። የታንኩ መተንፈሻ ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ችግሩ ሲመጣ ቆማችሁ የታንኩን ክዳን ክፈቱት። አየር ወደ ውስጥ በኃይል ከሳበና መኪናዋ ወዲያው ከተሻላት መልሱን በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው።

መኪናዋን አቁሞ መፈተሽ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የሚጠጣው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ የደከመ ፓምፕም ይችለዋል። ብዙ የቆዩ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ የነዳጁ ግፊት ከ2.5 እስከ 3.5 ባር አካባቢ ነው፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ከመኪናዋ መመሪያ እዩ። ቆማ 3 ባር የምታሳይ መኪና ዳገት ላይ 2 ልትወርድ ትችላለች፣ እናንተ ግን ግቢ ውስጥ ለክታችሁ "ፓምፑ ደህና ነው" ብላችሁ አልፋችኋል። ስለዚህ ረጅም ቱቦ ያለው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ገጥማችሁ ከፊት መስታወቱ ውጭ አስራችሁ ንዱ፤ የሚያነበው ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው ይሁን፣ ነዳጅ ያለበትን ቱቦ ደግሞ በምንም ተአምር ወደ ውስጥ አታስገቡ። የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር በቫኪዩም (በሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል) የሚሠራ ከሆነማ ሲረገጥ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት እንጂ መውረድ የለበትም።

እሳቱም ያው ነው። ስትረግጡ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ካንዴላው ብልጭ ለማለት ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ወይም የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ እጅ የሚሰጠው ያኔ ነው። በሚኒሞ ጸጥ ብላ ሲረገጥ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ኮዱን እንደ ፍርድ መቀበል

የብልሽት ኮድ የሚያነበው ማሽን ፒ0171 ካወጣ ድብልቁ ውስጥ ነዳጅ አንሷል ማለቱ ነው። ሰው ሮጦ ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱን አይቶ ድብልቁን የሚናገረውን) ይገዛል። ሴንሰሩ ግን ያየውን ነው የተናገረው! ጥፋቱ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ ፓምፕ፣ ወይም ከመለኪያው በኋላ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው የጎማ ቱቦ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ይቺ ስንጥቅ ተንኮለኛ ናት፦ በሚኒሞ ተገጥማ ትቆያለች፣ ስትረግጡ ሞተሩ ሲወዛወዝ ትከፈታለች። ቱቦውን በእጅ እያጎበጣችሁ እዩት።

ኮድ የለም ማለት ደግሞ ብልሽት የለም ማለት አይደለም። የነዳጅ መስጫውን ቦታ የሚለካው ሴንሰር አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቢበላ ምንም ሳይመዘገብ ሊያልፍ ይችላል። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ ቀስ እያላችሁ ርገጡና ቁጥሩ ሳይዘል መውጣቱን ማሽኑ ላይ ተከታተሉ።

ሦስት ነገር በአንዴ መቀየር

ቢድንም በየትኛው እንደዳነ አታውቁም። ብልሽቱ ከተመለሰ እንደገና ከዜሮ።

ጭስ መውጫውን መርሳት

ስለሚገባው ነዳጅና አየር ሁሉም ያወራል፣ ስለሚወጣው ግን ማንም። ካታሊስቱ (ጭስ መውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ) ውስጡ ተሰባብሮ ከሆነ ቁርጥራጩ እየተንቀሳቀሰ አንዴ መንገዱን ይዘጋል፣ አንዴ ይለቃል። ቫኪዩም ጌጅ ገጥማችሁ ሞተሩን 2500 ዙር ላይ ያዙት፤ ንባቡ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ መውጫው ታፍኗል። ቀይራችሁ ግን አትቁሙ፣ ምን እንደገደለው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሳይቃጠል የሚያልፍ ቤንዚን ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው ቤንዚን ሳይቃጠል እያለፈ ሲሆን ነው፤ እያየነው "ቤት ልድረስ" ብሎ መርገጥ አዲሱንም ካታሊስት ይገድለዋል።

ሞተሩን ብቻ መጠርጠር

ስትረግጡ የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ጥፋቱ ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ ላይ ነው፣ ነዳጅና ካንዴላ አትነካኩ። ዙሩ አብሮ ከደከመ ደግሞ ፍሬንም እዩ። ፍሬን ብዙ ሳትረግጡ ከነዳችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፣ አትንኳቸው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል።