የአየርላንድ ሲኢ ሱፐርቫይዘሮች በጡረታ ጉዳይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አየርላንድ ውስጥ «ኮሚዩኒቲ ኢምፕሎይመንት»፣ ባጭሩ ሲኢ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥራ አጥተው የቆዩ ሰዎች በየሰፈሩ ማኅበር በሳምንት 19 ሰዓት ተኩል ይሠራሉ። ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። እነሱን የሚያሠራው ሱፐርቫይዘር ግን ሙሉ ጊዜ ይሠራል፤ ብዙዎቹም እዚያው ያረጃሉ። የጡረታው ነገር የሚያሳስባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ደመወዜ ከመንግሥት ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ማለት ነው። ውሉን የፈረመው ማነው? ስፖንሰር የሚባለው የአካባቢው ማኅበር። በሕግ አሠሪው እሱ ነው። አገር ቤት ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ሲገባ ያየ ሰው እዚህም እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም።

ሁለተኛው፣ የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር የሚያየውን የሌበር ኮርትን ምክረ ሐሳብ እንደ ፍርድ መያዝ። ይሄኛው ብዙ ሰው ጎድቷል። ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሱፐርቫይዘሮችና ለረዳቶቻቸው የጡረታ ዕቅድ እንዲቋቋም፣ ገንዘቡንም ያኔ ፕሮግራሙን ይመራ የነበረው ፋስ እንዲሸፍን ሐሳብ አቀረበ። ሠራተኛው ደስ አለው። ነገር ግን ምክረ ሐሳብ ነው፤ ካዝና አያስከፍትም። ወዲያው የኢኮኖሚ ቀውሱ መጣ። መንግሥት «አሠሪያቸው እኔ አይደለሁም» አለ። ለእነሱ ከከፈለ ሌሎች የማኅበረሰብ ድርጅቶች ሠራተኞችም እንደሚጠይቁት ሰግቶ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሲታገሉ ቆይተው በ2021 ስምምነት ላይ ተደረሰ። እኔን ከጠየቁኝ፣ ደመወዙን ለመክፈል «መንግሥት ነኝ» ብሎ ለጡረታው «አላውቃችሁም» ማለት ነውር ነበር።

ያ ስምምነት የወለደው ሌላ ስህተት አለ፤ ክፍያውን ጡረታ ብሎ መጥራት። ዕድሜያቸው ለመንግሥት ጡረታ ለደረሰ ሱፐርቫይዘሮች አንዴ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በየወሩ የሚመጣ ነገር የለውም።

አሁን የራስን ቁጠባ በተመለከተ። የጡረታ ዕቅድ የሌለው አሠሪ ፒአርኤስኤ ለሚባለው የግል ጡረታ ሒሳብ በር የመክፈት ግዴታ አለበት። ገንዘብ የመጨመር ግዴታ ግን የለበትም። ይህን ሳያጣሩ «አሠሪዬ ጡረታ አለው» ብለው አይቀመጡ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ «ማይ ፊውቸር ፈንድ» የሚባል የጡረታ ቁጠባ አለ። ዕድሜው ከ23 እስከ 60 የሆነ፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ በላይ የሚያገኝና በደመወዙ በኩል ለጡረታ የማይቆጥብ ሠራተኛ በቀጥታ ይገባል። ሲጀመር ሠራተኛው 1.5፣ አሠሪው 1.5፣ መንግሥት 0.5 በመቶ ያዋጣሉ። ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ ከስድስት ወር በኋላ መውጣት ስለሚቻል ብቻ ዘሎ መውጣት። ሌላው ረቀቅ ይላል፦ በደመወዝ በኩል ጥቂት ዩሮ ወደ ፒአርኤስኤ የሚያስቆርጥ ሰው ከፈንዱ ውጭ ይሆናል። አሠሪው ፒአርኤስኤው ላይ ምንም ካልጨመረ፣ የአሠሪውና የመንግሥት ድርሻ ይቀርበታል። እርግጥ ፒአርኤስኤ የግብር ቅናሽ አለው። ሁለቱን በወረቀት አስልቶ መወሰን ነው።

ወረቀት መጣልም ስህተት ነው። ትንንሽ ማኅበራት ይዘጋሉ፤ ከሌላ ጋር ይቀላቀላሉ። ውልዎንና የደመወዝ ደረሰኝዎን ራስዎ ይያዙ።

የመጨረሻው የእኛን ሰው በቀጥታ የሚነካ ነው። ለመንግሥቱ የመዋጮ ጡረታ 66 ዓመት ሞልቶ፣ ቢያንስ 520 ሳምንት የተከፈለ ፒአርኤስአይ፣ ማለትም ከደመወዝ የሚቆረጥ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ያስፈልጋል። ይህ ለመግቢያ ነው፤ ሙሉውን ለማግኘት በአዲሱ ስሌት 2,080 ሳምንት፣ ማለትም 40 ዓመት ይጠይቃል። ጣሊያን ወይም ጀርመን የሠሩበት ጊዜ መብቱን ለማሟላት ይደመራል። አዲስ አበባ የሠሩበት ግን አይደመርም፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የለም። በ50 ዓመታቸው አየርላንድ የገቡ ሰው የ520ውን ሳምንት ቆጠራ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን መያዝ አለባቸው። መዝገቡ በኢንተርኔት «ማይ ዌልፌር» ላይ ይጠየቃል።