ስለ መምህር እጥረት የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ፦ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ስለ መምህር እጥረትና ስለ ርዕሰ መምህራን ሥልጠና የተጻፉ የማስተርስ ጽሑፎችን ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ስህተቱ ግን ያው ነው።

በአማካይ መሸወድ። "በወረዳው ለ35 ተማሪ አንድ መምህር አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ስታንዳርድ 40 ስለሆነ እጥረት የለም።" ብዙዎች እዚህ ላይ ይዘጉታል። እስኪ ትምህርት ቤቱ ግቡና ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ድልድል እዩት። እንበል፣ የታሪክ መምህሩ በሳምንት 12 ክፍለ ጊዜ ይዟል። የፊዚክሷ 28። ከስሟ ጎን በእርሳስ "ሒሳብ 9ሐ" ተብሎ ተጽፏል። የሒሳቡ መምህር ሲለቅ ተደርቦባት ነው። እጥረቱ ያለው እዚያች የእርሳስ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ወረዳው በሚልከው ሪፖርት ላይ አታገኙትም። ስለዚህ መምህር በጭንቅላት አይቆጠርም። በትምህርት ዓይነትና በክፍለ ጊዜ ነው የሚቆጠረው። የሚያስተምረው የተመረቀበትን ትምህርት መሆኑንም ጠይቁ።

ያልለቀቁትን ብቻ መጠየቅ። "መምህራን ለምን ይለቃሉ?" የሚለው መጠይቅ የሚበተነው አሁንም ጠመኔ ለያዙት ነው። የለቀቀውማ ባንክ ገብቷል ወይም ሱቅ ከፍቷል። ስልኩን ባልደረቦቹ አያጡትም። ከለቀቁት ከአምስቱ ጋር ቡና እየጠጡ ማውራት መቶ መጠይቅ ያስንቃል።

ርዕሰ መምህሩን ስለ ራሱ መጠየቅ። "ለመምህራን ሙያዊ ድጋፍ አደርጋለሁ" ለሚለው "በጣም እስማማለሁ" ያላለ ርዕሰ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። ይልቅ የክፍል ምልከታ ፋይሉን አስወጡት። አስተያየቱ ሁሉ "ጥሩ ነው፣ ይቀጥል" ከሆነ መልሳችሁን አገኛችሁ።

ሥልጠናን በመጨረሻው ቀን መለካት። አበል ሊከፈል ሲል የሚሞላ ፎርም ማንንም አይነቅፍም። (እኔም ሞልቻለሁ፤ "እጅግ ጠቃሚ" ብዬ።) ከስድስት ወር በኋላ ሂዱና ምን እንደተለወጠ መምህራኑን ጠይቁ።

ዘመን ማምታታት። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ጽሑፍ ያበላሻል። የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያው፣ ማለትም ቴሶ፣ የተጀመረው በ2003 ነው፤ በፈረንጆቹ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ፒጂዲቲ፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ መጣ። በቴሶ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ እጩ መምህር የትምህርት ዓይነቱንና ማስተማሩን ጎን ለጎን ይማር ነበር። በፒጂዲቲ መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ይይዛል፤ ማስተማሩን የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው፣ በአንድ ዓመት። "2003" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ሁለቱን ትውልድ አንድ ላይ ጨፈለቃችሁ። መጠይቁ ላይ የምረቃውን ዓመት በዓ.ም. ጠይቁ፤ አጠገቡም ፒጂዲቲ መውሰድ አለመውሰዱን።