ሶፍት ኮፒ ወይስ ሃርድ ኮፒ? ተማሪ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ፈተና ሲደርስ ደሴ ፒያሳ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በተማሪ ይጨናነቃሉ። ሞጁሉ ሴሚስተሩን ሙሉ ስልክ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ግን ሁሉም "ሃርድ ኮፒ ካልያዝኩ አይገባኝም" ይላል። የእኛ ሰው አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ21 አገራት ከ10,000 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው፣ አብዛኞቹ ለትምህርት ወረቀት እንደሚሻላቸው ተናግረዋል።

ትልቁ ስህተት ስልክ ላይ አንዴ አይቶ "ገብቶኛል" ማለት ነው። ኮምቦልቻ ስማር እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሳይገባ አንድ ምዕራፍ ጨረስኩ። ማታ ጓደኛዬ ሲጠይቀኝ ትዝ ያለኝ ርዕሱ ብቻ ነው! በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የእስራኤል ጥናት ይህንኑ አይቷል። የንባቡ ሰዓት ተወስኖ ሲሰጥ፣ ወረቀትና ስክሪን ላይ ያነበቡት ውጤታቸው ተቀራረበ። ሰዓቱን እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙ ሲባሉ ግን ስክሪን ላይ ያነበቡት ዝቅ አሉ። እነሱ የጠበቁት ውጤት ግን ካመጡት በላይ ነበር። ስለዚህ ሰዓት ወስናችሁ አንብቡ። ከዚያ ስልኩን ገልብጡና ያነበባችሁትን በሦስት መስመር ጻፉ። እጃችሁ ካልሄደ እንደገና ግቡበት። ዳታ ማጥፋቱንማ ልንገራችሁ እንዴ?

ሁለተኛው፣ ያገኙትን ሁሉ ማተም። 300 ገጽ አሳትሞ 40ውን ብቻ የሚያነብ ስንቱ ነው! መምህሩ የሚመላለስበትን ምዕራፍ አሳትሙ። የቀረው ፒዲኤፍ ይሁን፤ አንድ ቃል ፈልጎ ለማግኘት እሱን የሚያክል የለም።

ብር ለመቆጠብ ብላችሁም ስድስት ስላይድ በአንድ ገጽ አታስጨንቁ። ዲያግራሙ የዝንብ እግር ይሆናል።

የወረቀት ወዳጆች የሚረሱት ደግሞ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ነው። ዓመቱን ሙሉ በእስክሪብቶ እያሰመረ ያነበበ ሰው፣ ረጅም ጥያቄ ስክሪን ላይ ሲመጣበት እጁ ሥራ ይፈታል፤ ዓይኑም መስመር ይስታል። ማጥናቱን በወረቀት አጥኑ። የሙከራ ጥያቄውን ግን ከወራት በፊት ጀምራችሁ በኮምፒውተር ሥሩ። ላፕቶፕ ከሌላችሁ፣ ዶርም ውስጥ ካለው ጓደኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ተዋሱ። ስልክ ላይ መሥራት አይተካውም፤ ማውሱም ልምድ ይፈልጋል።