ባሕር ዳር ላይ ትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም ስታቆሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣና ዳር ላደገ ሰው ስለ ዓሣ ማስተማር አይቻልም። ቀረሶና አምባዛን ገና ከሩቅ ይለያል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ዓሣ ማኖር ሲያምረው የሐይቁን እውቀት ይዞ ይገባበታል። የባሕር ዓሣ ደግሞ በሐይቅ እውቀት አይኖርም። እዚህ ከተማ ከሽፈው ያየኋቸው አኳሪየሞች አብዛኞቹ የከሸፉት ገና አንድም ዓሣ ሳይገባባቸው ነው። ቦታ ሲመረጥ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ጨው ሲገዛ። ስለዚህ እኔም እዚያው ላይ እቆያለሁ። ለስሌት እንዲመቸን 150 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንያዝ። እስከ አፉ ሲሞላ 540 ሊትር ነው።

ክብደቱን ሳያስቡ ቦታ መምረጥ

540 ሊትር የባሕር ውሃ ብቻውን 550 ኪሎ ይመዝናል። መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መቆሚያው ሲጨመሩ ስምንት ኩንታል ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት የሚቆም ጭነት ነው። ምድር ቤት ሆናችሁ ወለሉ በደንብ የተሞላ ሲሚንቶ ከሆነ አትጨነቁ። ዲያስፖራ ሰፈር ጂ ፕላስ ዋን ላይ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ግን ከክፍሉ መሃል ራቁ። ከሥሩ ቢም ባለበት በኩል አስጠጉት። ሥራውን የሚያውቅ መሐንዲስም አሳዩት።

መቆሚያውን የሰፈር ብየዳ ቤት በቱቦላሬ ይሠራላችኋል። ፀረ ዝገት ሳይቀባ ግን አትረከቡ፤ ጨው ብረት ይበላል። ሲቆም ውሃ ልክ ይያዝበት። ትንሽ ያዘመመ ገንዳ ጭነቱ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል፣ ውሎ አድሮ ሲሊኮኑ ይለቃል። ገንዳውንም እዚሁ መስታወት ቤት ካሠራችሁ የምትከራከሩበት ነገር ሲሊኮኑ ይሁን። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት አለበት፤ እሱ ዓሣም አይምርም። ለዚህ ቁመት መስታወቱ ከ12 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ ከላይም ማጠናከሪያ ይኑረው። ሳሎን ከመግባቱ በፊት በረንዳ ላይ በቧንቧ ውሃ ተሞልቶ አንድ ሳምንት ይታይ። በረንዳ ላይ ቢያፈስ ይሳቃል። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ካፈሰሰ ግን የቤተሰብ ሽማግሌ ያስጠራል።

ፀሐይ ቀጥታ ከሚገባበት መስኮትም አርቁት። አለበለዚያ የምታሳድጉት አልጌ ነው።

«ጣና ቅርብ አይደል» ብሎ መቅዳት

ይህን ሐሳብ ያላነሳ ጀማሪ አላጋጠመኝም። የሐይቁ ውሃ ከማሳ ታጥቦ የመጣ ደለልና ማዳበሪያ ይዟል። ጥገኛ ተውሳክም አለው። ጨው ቢጨመርበት የባሕር ውሃ አይሆንም። የሐይቁ ዳር ጥቁር ድንጋይም ቢሆን እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ለአኳሪየሙ ምንም አያዋጣም። የባሕር ዓሣ የሚፈልገው ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ8.1 እስከ 8.4 ባለው መካከል ነው። ያንን ደግፎ ለማቆየት የሚረዳው ከኮራል የተገኘ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ያለው አሸዋና ድንጋይ ነው።

ሌላው ፈተና የዝናብ ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ንፁህ ይመስላል። ግን ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ውሃውም ዚንኩን ይዞ ይወርዳል። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይህን አይችሉም። መዳብና ነሐስም እንዲሁ ናቸው፤ መስመራችሁ ላይ የነሐስ ቫልቭ አይግባ፣ ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን።

የቧንቧውን ውሃ መጠቀም ይቻላል፣ ግን በአርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን በሚያስቀር) አልፎ። ማፍላት ክሎሪኑን ቢያስወጣም ማዕድኑን አያወጣም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የአርኦ ማጣሪያ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ሦስት ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ግን 0.3 ባር ብቻ ነው። ማጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፣ ባለቤቱ «ተታለልኩ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ነው። አርኦ አንድ ሊትር ንፁህ ለመስጠት ሁለት ሦስት ሊትር ወደ ውጭ እንደሚጥልም እወቁ። ያንን ለልብስ እጠቡበት፣ ለአትክልት አጠጡት።

ጨው ሁሉ አንድ ነው ማለት

የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። ከባሕር ጋር የተያያዘ ታሪክ ቢኖረውም እጃችሁ ላይ ሲደርስ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ አዮዲንም ተጨምሮበታል። የባሕር ውሃ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም፣ በዚያው አካባቢ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌላም ብዙ ነገር አለው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው መግዛት ግድ ነው። ድንጋዩና አሸዋው የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ ለዚህ ገንዳ 20 ኪሎ ያህል ይበቃል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው 10 በመቶ ሲቀየር የሚያስፈልገውንም አብራችሁ አስቡ። ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ ገዝቶ የሚጀምር ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ይቸገራል።

ስታዘጋጁ ጨውን ውሃ ላይ አድርጉ እንጂ ውሃን ጨው ላይ አታፍስሱ። በተቃራኒው ከሆነ ካልሲየሙ ነጭ ደለል ሆኖ ይቀራል። በሌላ ዕቃ ውስጥ ፓምፕ እያዘዋወረው አንድ ቀን ይደር። ጨዋማነቱን ለመለካት ደግሞ ከመርፌ ሃይድሮሜትር ይልቅ በብርሃን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ይሻላል። የምትፈልጉት በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው፣ ወይም በአንጻራዊ ጥግግት 1.025 ነው።

የጎደለውን በጨው ውሃ መሙላት

በበጋ ውሃው ይተናል። የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨው ባለበት ይቀራል። የጎደለውን በንፁህ የአርኦ ውሃ ሙሉት። በጨው ውሃ ከሞላችሁት በየሳምንቱ ጨው እየጨመራችሁበት ነው።

ከፍታውን መርሳት

ከማያሚ ወይም ከዱባይ የሚለቀቅ ቪዲዮ ላይ የማታገኙት ምክር ይኸውና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ ሲጀመርም ጨው ከሌለው ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ጋ 5.4 ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ይህ ማለት ዓሣ አይኖርም ማለት አይደለም። ግን «ለዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን የውጭ ስሌት እንዳለ አትውሰዱ። እኔ ቢያንስ ሩቡን ቀንሱ እላለሁ። የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይናወጥ፣ ሁለት የሞገድ ፓምፕ ይግባ፣ ፕሮቲን ስኪመሩም (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ከገንዳው ልክ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይሁን። ስኪመሩ ቆሻሻ ከማውጣቱ በላይ አየር ያስገባል።

መብራት ሲሄድ ነገሩ ወዲያው ይከፋል። ጣና በበለስ በኩል 460 ሜጋ ዋት አቅም ላለው ጣቢያ ውሃ ይሰጣል፤ እኛ ሐይቁ ዳር ሆነን ሻማ ከመሳቢያ አናርቅም። ዓሣ ግን ይህን አይሰማም። ኢንቨርተር ካላችሁ መጀመሪያ የሞገድ ፓምፑን አያይዙበት፤ አምፖሉ ይቆይ። አቅም ከሌለ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እንኳ ይኑር። ከሥር ሰምፕ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ) ካላችሁ ደግሞ ገና ስትጀምሩ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሞክሩት። ፓምፑ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ውሃ ሰምፑን ሞልቶ ወለል ላይ ከፈሰሰ፣ ሌሊት መብራት የጠፋ ቀን ምን እንደሚጠብቃችሁ አወቃችሁ ማለት ነው። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ይግባ። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ የሚመለስ ይሁን፤ ጠብታ በገመዱ ተንሸራቶ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ሞቃት ከተማ ነው ብሎ ማሞቂያ መተው

ቀኑ ያታልላል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የባሕር ዓሣ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይመቸዋል፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ሁለት 250 ዋት ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆየዋል፤ አንዱ አልጠፋ ቢልም ዓሣውን አይቀቅለውም።

አጠገቡ ቡና ማፍላት

የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ቁምነገር ነው። ስኪመሩ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ይነፋል። ከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመጣል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይጠራቀምና የውሃውን ፒኤች ያወርዳል። እጣኑም ጢስ ነው። ረከቦቱን ወደ በረንዳው በኩል አዙሩት፣ መስኮት ክፈቱ። የትንኝ መርጫ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይረጭ። ሎሽን ወይም ቅባት የነካው እጅም ውሃው ውስጥ አይግባ።

መቸኮል

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ያንን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት በመጠኑ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የጨው ውሃ ፒኤች ከፍ ያለ ስለሆነ አሞኒያው ከሐይቅ ውሃ ይልቅ እዚህ ይበረታል።

ብዙዎች ባዶ ገንዳ ማየት ይሰለቻቸዋል። እንግዳ ይመጣል፣ «ዓሣው የታለ?» ይባላል። ከዚያ በርካሽ የተገዛ ዳምሰል የሚባል ትንሽ የባሕር ዓሣ ይገባል። ዳምሰል ጠንካራ ነው፣ ሊተርፍ ይችላል። ከተረፈ ግን የገንዳው ባለቤት ሆኖ በኋላ የሚገባውን ሁሉ ያሳድዳል፤ እሱን ለማውጣት ድንጋዩን በሙሉ መናድ ይጠይቃል። ባክቴሪያውን ለመመገብ ዓሣ አያስፈልግም። ትንሽ የአሞኒያ ጠብታ ወይም የሚበሰብስ የሽሪምፕ ቁራጭ ይበቃል። መመርመሪያው አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ እስኪል ጠብቁ። በመሃል ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አሸዋውን ይሸፍነዋል። አትደንግጡ፣ አትፈትጉትም። ይሄዳል።

በመልክ ብቻ ዓሣ መምረጥ

ክላውንፊሽ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ እርባታ ውስጥ የተወለደውን ብታገኙ ደግሞ የተሻለ ይበላል፣ በሽታም ይቀንሳል። ጎቢ፣ ብሌኒና ካርዲናልም ሰላማዊ ናቸው። ሰማያዊውን ታንግ ልጆች ይወዱታል፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሣ ነው፣ አንድ ሜትር ተኩሉ ይጠብበዋል። ማንዳሪን ውበቱ ልብ ይሰርቃል፤ ነገር ግን የሚበላው ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታትን ስለሆነ አዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ያልቃል። ላየንፊሽ አፉ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ይውጣል፣ እሾሁም መርዛማ ነው። ሰላማዊውን መጀመሪያ፣ ተናካሹን መጨረሻ አስገቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንት እረፍት። ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣው ሲበላ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ካልበላ፣ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

ከፌስታል ቀጥታ ወደ ገንዳ

ዓሣው ባሕር ዳር የሚደርሰው በፌስታል ታሽጎ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። በመንገድ ላይ የፌስታሉ ውሃ አሞኒያ ይጠራቀምበታል። ሲከፈት የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ አሞኒያውም በአንዴ መርዙ ይብሳል። ስለዚህ እንደታሰረ 20 ደቂቃ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ለሰዓታት ውሃ እያንጠባጠቡ ማቆየት ይቅር። የማቆያውን ገንዳ ጨው ቀድማችሁ ከፌስታሉ ጋር አስተካክሉና ቶሎ አዘዋውሩት፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ።

ማቆያ ያልኩት ለብቻው የቆመ ትንሽ ገንዳ ነው። እዚያ ቢያንስ አራት ሳምንት ይክረም። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ አንዴ ትልቁ ገንዳ ከገባ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን ከ10 ሳምንት በላይ ያለ ዓሣ ማቆየት ይጠይቃል። በመዳብ ማከም ይቻላል፣ ግን ሽሪምፕና ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ አይሆንም።

ምግብና የመጨረሻ ነገር

በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ያህል ይበቃል። ዳቦና እንጀራ አይደለም፤ በበዓል ቀን ከልጆች እጅ ጠብቁት። ገበያ ላይ ያለውን የጣና ዓሣ ቆራርጦ መስጠትም የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም፤ ስቡ ከባሕር ምግብ ይለያል። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ፣ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል ጥቃቅን ፍጥረት)፣ ለታንግ ደግሞ የደረቀ የባሕር አረም ይሻላል።

የሰለቻችሁን ዓሣ፣ ቀንድ አውጣም ሆነ አልጌ ይዛችሁ ወደ ጣና አትሂዱ። ዓሣው ጨው በሌለው ውሃ ወዲያው ይሞታል። አብሮት የሚገባው ነገር ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም፣ ከእምቦጭ ጋር ገና ያልጨረሰ ሐይቅ ነው። የምትቀይሩት ጨዋማ ውሃም ማንጎ ሥር አይደፋ፣ ዛፉ ይደርቃል። ወደ ሽንት ቤቱ ፍሳሽ ይውረድ።