ካንዴላ ስትቀይሩ አሮጌዎቹን አትቀላቅሉ

ሞተር ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲንቀጠቀጥ ወይም ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዴላ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የሚያናድደው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። አራቱም ይፈቱና አንድ ጣሳ ውስጥ ይጣላሉ። አዲሶቹ ይገጠማሉ። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲመለስ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ የሚናገረው ካንዴላ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቋል።

እዚህ የማወራው አዲስ አበባን ስለሞሉት ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎች ነው፤ እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉት። አዳዲሶቹ በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) አላቸው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ላይኛ ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ሲፈታ ጥርሱ ይበላል። ኮይሎቹን ካነሳችሁ በኋላ የካንዴላውን ጉድጓድ በአየር ንፉት። የከተማችን አቧራ እዚያ ይጠራቀማል፤ ካንዴላው ሲወጣ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ከእንቁላል ካርቶን ላይ አራት ጉድጓድ ቆርጣችሁ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጻፉበት። 1 ቁጥር በቺንጋው (በሞተሩ ቀበቶ) በኩል ያለው ነው። ካንዴላው በየቁጥሩ ይቀመጥ፣ የኮይሉ ብሎንም አብሮት። ኮይሎቹ ላይም ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉ።

ቼክ ኢንጂን በርቶ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ

የስህተት ኮዱ በኮምፒውተር ሲነበብ ፒ 0301 ካለ 1 ቁጥር ሲሊንደር በትክክል አልተኮሰም ማለት ነው፤ ፒ 0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ኮይል ለመግዛት አትሩጡ። የ1ን ኮይል ከ2 ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉና ንዱት። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከሄደ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ አቀያይሩ። ኮዱ አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደሚረጨው) እና ወደ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) ሂዱ። ይህ ሙከራ ገንዘብ አያስወጣም፤ ቁጥር ካልጻፋችሁ ግን ምኑም አይያዝም።

የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን መኪናውን አታስጨንቁት። ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ያቃጥለዋል፤ የሱ ዋጋ ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

አሮጌው ካንዴላ ምን ይላል?

ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው።

አራቱም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ። ካርቡራቶር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ቆላ ላይ ተስተካክለው አዲስ አበባ ሲመጡም እንዲህ ይሆናሉ፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው። አንዱ ብቻ ከጠቆረ የዚያን ሲሊንደር ኮይልና ኢንጀክተር ፈትሹ።

ዘይት ካለበት የት እንዳለ በደንብ እዩ። ነጩ ሸክላና የኮይሉ ጎማ ከላይ ከረጠቡ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አሳልፏል፤ እሱን መቀየር ቀላል ነው። ጫፉ ራሱ ዘይት ከጠጣ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒው (የዘይት ማገጃ ጎማው) አልቋል። አዲስ ካንዴላ ለጥቂት ጊዜ ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ይህን በግልጽ የሚነግራችሁን መካኒክ አትልቀቁት።

ነጣ ብሎ የተቃጠለ ከመሰለ ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል ወይም ካንዴላው ለሞተሩ የማይሆን ዓይነት ነው። አንዱ ብቻ ታጥቦ እንደወጣ ከጠራ፣ የራዲያተር ውሃም እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠርጠር።

ሲገጠም

ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትገዙ የድሮው ካንዴላ ላይ የተጻፈውን የዓይነት ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። «ይሄም ይሆናል» ለሚላችሁ እሺ አትበሉ፤ የጥርሱ ርዝመት ከበለጠ ፒስተን ሊመታ ይችላል። ተራው ካንዴላ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር፣ ጫፉ ኢሪዲየም ከተባለው ብረት የሆነው ወደ 100,000 ያገለግላል። የኢሪዲየም ጫፍ በጣም ቀጭን ስለሆነ ክፍተቱን ላስተካክል ብላችሁ አትነካኩት።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ አጥብቁ። ከጠነከረባችሁ ተጣሞ ገብቷልና መልሱት። ቀለበቱ ከነካ በኋላ አዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። ጥርሱን ግራሶ አትቀቡት፤ ሳይታወቅ ከመጠን በላይ ይጠብቃል።

መኪናችሁ በየካንዴላው ላይ ኮይል የሌለው፣ ባለ ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን በገመድ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል) አሮጌ ኮሮላ ከሆነ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ አንዱን ሳትመልሱ ሌላውን አትንኩ። የተኩሱ ተራ 1-3-4-2 ነው፤ ሁለቱ ገመድ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወይ አይነሳም ወይ እየተኮሰ ይንቀጠቀጣል።